የድሮ የጀርመንና የኦስትሪያ ባርኔጣ፦ ግዢው፣ ዕድሜውን ማወቅና አያያዙ ደረጃ በደረጃ

የድሮ የጀርመን ወይም የኦስትሪያ ባርኔጣ መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቅደም ተከተል ማዛባት ነው። ባርኔጣው ከፖስታ ቤት እንደመጣ ብሩሽና እንፋሎት ይነሳል፤ የባርኔጣውን ዕድሜ የሚናገረው ትንሽ ወረቀት ይርሳል፣ የወርቅ ማህተሙ ይለቃል፣ ቆዳው ይጨማደዳል። ሁለተኛው ገበሩ ላይ የታተመውን ባለሁለት ራስ ንስር አምኖ «የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው» ብሎ መክፈል ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሁለት ሕግ ይመራል። መጀመሪያ ይነበባል፣ ኋላ ይጸዳል። ዕድሜውን የሚወስነው ደግሞ ባርኔጣው ላይ ካሉት ምልክቶች ሁሉ የቅርብ ጊዜው ነው፤ ጥንታዊው አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መመሪያው ለሲቪል ባርኔጣ ብቻ ነው። የወታደር ኮፍያ ሌላ ገበያ፣ ሌላ አጭበርባሪና ሌላ ሕግ አለው። የናዚ ምልክት ያለበትን ዕቃ በአደባባይ ማሳየት በጀርመን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86ሀ፣ በኦስትሪያም በሕግ ያስቀጣል። የቤት ዕቃ በጅምላ ሲገዙ እንዲህ ያለ ነገር ሊገኝበት ስለሚችል ፎቶ ከመለጠፍዎ በፊት ይፈትሹ።

የክፍሎቹ ስም

አናት ጭንቅላት የሚገባበት ከፍ ያለው ክፍል ነው። ክፈፍ ዙሪያውን የተዘረጋው ነው። የላብ ቆዳ ከውስጥ ግንባር የሚነካው፣ ዙሪያውን የተሰፋው ቆዳ ነው። ገበር የአናቱን ውስጥ የሚሸፍነው ጨርቅ፣ ጥብጣብ ደግሞ በውጭ በኩል አናቱና ክፈፉ የሚገናኙበትን የሚዞረው ነው። ፌልት የሚባለው ሳይፈተልና ሳይሸመን፣ በሙቅ ውሃና በማሸት እርስ በርሱ የተቆላለፈ ጸጉር ወይም ሱፍ ነው።

የሚያዘጋጁት

- የልብስ ሰፊ ሜትር
- አሥር ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር
- ትንሽ የእጅ ባትሪና የጥርስ ሐኪም ዓይነት መስታወት
- ጫፉ ደብዛዛ ወረንጦ
- ሁለት ለስላሳ ብሩሾች፣ አንዱ ለጥቁርና ለጨለማ ቀለም፣ አንዱ ለነጣ ያለ ቀለም (ካደባለቁ የጥቁሩ ብናኝ ግራጫውን ያበላሸዋል)
- ስስ የላስቲክ ጓንት
- ዚፕ ያለው ወፍራም የላስቲክ ከረጢት
- ነጭ፣ አሲድ የሌለበት ስስ ወረቀት
- እርሳስና ካርድ፤ ከባርኔጣ አጠገብ እስክሪብቶ አይጠቀሙ

ስለ ጓንቱ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያም በኋላ የጥንቸልን ጸጉር ለፌልት የሚያዘጋጁት በሜርኩሪ ናይትሬት ነበር፤ ቅሪቱ እስከ ዛሬ ፌልቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በዚያ ላይ የቀድሞ ባለቤቶች ለብል የነሰነሱት መድኃኒት አለ። አሮጌ ባርኔጣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ አይሠራበትም፣ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም እንፋሎት አይነፋበትም።

ደረጃ 1፦ ልክ

1. ጭንቅላትዎን ከጆሮ በላይ፣ ከቅንድብ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብለው ይለኩ። በሴንቲሜትር የሚያገኙት ቁጥር የጀርመንና የኦስትሪያ ልክዎ ነው፤ 57 ሴንቲሜትር ማለት ቁጥር 57 ነው።
2. ወደ ውጭ ለመላክ የተሠሩት ላይ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ቁጥር ያጋጥማል። 57 በእንግሊዝ 7፣ በአሜሪካ 7 1/8 ነው። ሁለቱን ማምታታት የ1 ሴንቲሜትር ያህል ስህተት ያመጣል።
3. ባርኔጣውን ሲለኩ ሜትሩን በጠርዙ አቁመው በላብ ቆዳው ላይ ከውስጥ ያዙሩት።

ከላብ ቆዳው ጀርባ ያለው የልክ ወረቀት 58 እያለ ሜትሩ 56.5 ካለ ባርኔጣው ተኮማትሯል ማለት ነው። የሚኮማተረው አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው ሲሆን ፌልቱን ይዞት ይገባል። «በእንፋሎት ይሰፋል» የሚል ሻጭ ይኖራል፤ ፌልት ግማሽ ቁጥር ያህል ሊለቅ ይችላል፣ የደረቀ አሮጌ ቆዳ ግን ይቀደዳል። ራስዎ ላይ ሊያደርጉት ካሰቡ በልክዎ ያለውን ይጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ሻጩን መጠየቅ

ጀርመን ውስጥ ክላይንአንትሳይገን የተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽና የየከተማው ፍሎማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ)፣ ኦስትሪያ ውስጥ ቪልሃበን የተባለው ድረ ገጽ፣ ቪየና ላሉ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ናሽማርክት ዳር የሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ «ሄረንሁት» (የወንድ ባርኔጣ)፣ «ቬሉርሁት» (ጸጉሩ ረዥም የሆነ ፌልት)፣ «ትራኽተንሁት» (የባህል ባርኔጣ)፣ «ሲሊንደር» (ረዥም ቀጥ ያለ አናት ያለው) እና «ሜሎነ» (ክብ ጠንካራ አናት ያለው) የሚሉትን የጀርመንኛ ስሞች ለየብቻ ያስገቡ። ሁለት ነጥብ ያለባቸውን የጀርመንኛ ፊደላት ሻጮች አንዳንዴ «ኢ» ጨምረው፣ አንዳንዴም ነጥቡን ትተው ስለሚጽፉ ሁሉንም አጻጻፍ ይሞክሩ። ስም በተሳሳተ ፊደል የተጻፈበት ማስታወቂያ ተፎካካሪ የለውም።

ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ፎቶዎች ይጠይቁ፦

1. የውስጡን ሙሉ ገጽታ፤ ገበሩና የላብ ቆዳው በአንድ ላይ የሚታዩበት።
2. በቆዳው ላይ ያለውን ማህተም በቅርበት።
3. የቆዳው ሁለት ጫፍ የሚገጥምበትን የኋላ ስፌት።
4. ባርኔጣው በመስኮት ብርሃን ላይ ተይዞ ከውስጥ የተነሳ ፎቶ (ገበር ከሌለው)፤ የብል ቀዳዳ እንደ ኮከብ ያበራል።
5. የአናቱን የፊት እጥፋት በቅርበት። ሰው ለዓመታት በጣቱ ይዞ የሚያነሳው እዚያ ስለሆነ ፌልቱ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በዚያ ነው።

ሻጩ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ፎቶ ከከለከለ ይተዉት።

ላኪው ካርቶኑን 40 በ35 በ18 ሴንቲሜትር አካባቢ እንዲያደርገው፣ አናቱን በወረቀት እንዲሞላና ክፈፉ ከካርቶኑ ግድግዳ ጋር እንዳይነካካ እንዲያደርግ በግልጽ ይጻፉለት። በፖስታ ከረጢት ተጠቅልሎ የመጣ ባርኔጣ የታጠፈበት መስመር ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም።

ላባ ከተሰካበት ይጠንቀቁ። የንስርና የጭልፊት ላባ ድንበር ሲሻገር በዱር እንስሳት ሕግ ሊወረስ ይችላል፤ አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ ከ1918 ጀምሮ የጸና የስደተኛ አእዋፍ ሕግ አለ። ላባው እንዲነቀልና እዚያው እንዲቀር ማድረግ ይቀላል። ጋምስባርት የሚባለው፣ ከተራራ ፍየል መሰል አውሬ ጀርባ የሚሠራው የጸጉር ጉንጉን ራሱን የቻለ ውድ ዕቃ ነው። እውነተኛው የጸጉሩ ጫፍ ነጣ ያለ ነው። በርካሽ የሚሸጠው የሌላ እንስሳ ጸጉር ወይም ናይለን ነው፤ አንዲት ጸጉር ነቅለው ቢያቃጥሉ ናይለኑ ቀልጦ ጠብታ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ሲደርስ ወዲያው ማግለል

1. ካርቶኑን ሌሎቹ ባርኔጣዎች ካሉበት ክፍል ውጭ ይክፈቱ።
2. ባርኔጣው እርጥበት ካለው በጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ያድርቁት። እርጥብ ባርኔጣ ፍሪዘር አይገባም።
3. በሁለት የላስቲክ ከረጢት ደርበው አየሩን በቀስታ ያውጡና ይዝጉት።
4. ብል ካለበት እንዲሞት በቤት ፍሪዘር፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆዩት።
5. ሲያወጡት ከረጢቱን ሳይከፍቱ አንድ ሙሉ ቀን ይተዉት። ቀድመው ከከፈቱት የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛው ፌልትና ቆዳ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ የወረቀቱም ቀለም ይፈሳል።

ከዚህ በኋላ ነጭ ድር፣ ሩዝ የመሰለ ልባስ ወይም አሸዋ የሚመስል ኩስ ካዩ በወረንጦ ይልቀሙት። ከአንድ ወር በኋላ አዲስ ኩስ ከተገኘ ብርዱ ብሉን አልገደለውም ማለት ነውና ከቁጥር 3 ጀምሮ ይድገሙት።

ደረጃ 4፦ ሳይነካ ማንበብ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ ሁሉም ነገር ያለው ግን እዚህ ነው።

1. ባርኔጣውን በአናቱ ገልብጠው በተጠቀለለ ፎጣ ላይ ያስቀምጡ።
2. የክፍሉን መብራት ያጥፉና ባትሪውን ከጎን፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ ሊሆን ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ አድርገው ያብሩ። ወርቁ የለቀቀ ማህተም እንኳ ቆዳው ላይ ጎድጎድ ብሎ ስለቀረ በጥላው ይነበባል። ከፊት ለፊት ካበሩበት ምንም አይታይም።
3. የገበሩን መሃል፣ ቀጥሎ የቆዳውን ግራና ቀኝ፣ ቀጥሎም የኋላ ስፌቱን ፎቶ ያንሱ። ፎቶው ውስጥ ሜትር ይግባ።
4. ወደ ቆዳው ጀርባ ይሂዱ። ከኋላ፣ ትንሿ የሐር ቋጠሮ ካለችበት ቦታ ይጀምሩ፤ ቆዳው እዚያ ላላ ይላል። እጥፍ ያደረጉትን ወረቀት አስገብተው ቆዳውን ከፌልቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ያርቁ፣ መስታወቱን ያስገቡና ያብሩ።
5. የሚፈልጉት በማስቲሽ የተለጠፈ ጥፍር የሚያክል ወረቀት ነው፤ ልኩ ይታተምበታል፣ አንዳንዴ የሞዴልና የቀለም ቁጥርም ይኖረዋል። ፌልቱ ላይም በእርሳስ የተጻፈ የትእዛዝ ቁጥር ሊኖር ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቆዳውን ወደ ውጭ ለመገልበጥ የሚሞክሩት እንደ ጓንት ለስላሳ ከሆነ ብቻ ነው። ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ በስፌቱ መስመር ዙሪያውን ይሰነጠቃል፤ የሚጠገንበት መንገድ የለም። ወረቀቱ ከተላቀቀ መልሰው አይለጥፉት። በትንሽ ፖስታ አድርገው ከየትኛው ጎን እንደወደቀ ጽፈው ከባርኔጣው ጋር ያስቀምጡት።

*ቆዳውና ጥብጣቡ የራሱ ናቸው?* የላብ ቆዳ በባርኔጣ ዕድሜ ውስጥ ሊቀየር ይችላል። ፌልቱ ላይ አሁን ካለው ስፌት ጎን ባዶ የመርፌ ቀዳዳ ረድፍ ካለ ተቀይሯል፤ ስለዚህ ማህተሙ የሚናገረው ስለ ጥገናው ነው። ጥብጣቡን ደግሞ በወረንጦ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ከሥሩ ያለው ፌልት ከውጩ ጠቆር ካለ ጥብጣቡ ከጥንት ጀምሮ እዚያው ነበር፤ እኩል ደብዝዞ ከተገኘ ዘግይቶ የመጣ ነው።

*ፌልቱ የጸጉር ነው የሱፍ?* የጥንቸል ጸጉር ፌልት ስስ፣ ለስላሳና ሲታጠፍ ተመልሶ የሚነሳ ነው። የሱፍ ፌልት ወፍራምና ሻካራ ሆኖ እንደታጠፈ መቅረት ይወዳል። ቬሉር በቀላሉ ይታወቃል፦ ጸጉሩ ረዥም ነው፣ በጣት ሲያስተኙት መስመር ይሠራል። ማህተሙ «ሃርፊልትስ» ካለ የጸጉር፣ «ቮልፊልትስ» ካለ የሱፍ ነው።

ደረጃ 5፦ ጽሑፉን መፍታት

ከ1940ዎቹ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ በፍራክቱር፣ ማለትም በጥንቱ የጀርመን ጥምዝ ፊደል የተጻፉ ናቸው። የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው፦

- ረዥሙ ኤስ ኤፍን ይመስላል። በኤፍ ላይ መሃል ያለችው ሰረዝ ወደ ቀኝ ትሻገራለች፤ በኤስ ላይ አትሻገርም።
- ትልቁ ኤ ዩን፣ ትልቁ ቢ ቪን ይመስላል።
- ትልቁ አይና ትልቁ ጄ አንድ ዓይነት ናቸው።
- ትንሹ ኬ ቲን ይመስላል።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ስም ምን እንደሆነ ይለዩ፤ ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። በገበሩ መሃል በትልቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ሻጩ ሱቅ ነው እንጂ ፋብሪካው አይደለም። ፋብሪካው ካለ ቆዳው ላይ በትንሹ ይገኛል፤ ጨርሶ ላይኖርም ይችላል። ከስሙ ጎን «ሁትፋብሪክ» ካለ ፋብሪካ፣ «ሁትማኸር» ካለ ባለሙያ፣ «ሞደሃውስ» ወይም «ሄረንአውስሽታተር» ካለ ልብስ ሻጭ ነው።

ሌሎች አጋዥ ቃላት፦

- «ናኽፎልገር» (በአጭሩ «ናኽፍ.»)፦ ተተኪ። ሱቁ የቀድሞውን ሰው ስም ይዞ በሌላ ባለቤት ይሠራል ማለት ነው፤ ሁለቱንም ስም ይፈልጉ።
- «ፎርማልስ»፦ ቀድሞ እንዲህ ይባል የነበረ።
- «ኢንሃበር»፦ ባለቤት። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስም ከሱቁ ስም የበለጠ ዘመን ይጠቁማል።
- «ገግሩንደት»፦ የተመሠረተበት ዓመት። የባርኔጣው ዓመት አይደለም! የማይዘር ድርጅት ታሪኩን ከ1800፣ የቪየናው ሃቢግ ከ1862 ይቆጥራል፤ «1800» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባርኔጣ የ1950ዎቹ ሊሆን ይችላል።
- «ሹትስማርከ»፦ የንግድ ምልክት።

ደረጃ 6፦ ዘመኑን ማጥበብ

አንድ ወረቀት ወስደው መሃል ላይ መስመር ያስምሩ። በግራ «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም»፣ በቀኝ «ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም» ብለው ይጻፉና ያገኙትን ሁሉ ይደልድሉ።

ወደ ግራ የሚገቡት፦

1. «ዴ.ኤር.ጌ.ኤም.» የሚል ምልክት፦ ከ1891 በፊት አይደለም። ይህ የጀርመን ራይኽ (የያኔው የጀርመን መንግሥት) የመገልገያ ሞዴል ምዝገባ ሲሆን በ1945 አብቅቷል፤ ስለዚህ በቀኝም ሊገባ ይችላል፣ ምንም እንኳ የቀረ ዕቃ ጥቂት ዓመት ሊያልፍ ቢችልም።
2. በእንግሊዝኛ «በጀርመን የተሠራ» የሚል፦ ልማዱን ያስፋፋው የ1887ቱ የብሪታንያ ሕግ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» ካለ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።
3. የፖስታ ቁጥር፦ ከሁሉ የበለጠ ታማኝ ምስክር ይህ ነው። ጀርመን ውስጥ ባለሁለት አሃዝ ቁጥር የመጣው በጦርነቱ ወቅት፣ ከ1941 ጀምሮ ነው። ባለአራት አሃዙ በምዕራብ ጀርመን 1961፣ ባለአምስት አሃዙ 1993 ነው። በኦስትሪያ ባለአራት አሃዝ የመጣው በ1966 ነው።
4. «ፋው.ኤ.ቤ.»፦ የምሥራቅ ጀርመን የመንግሥት ድርጅት። ከጦርነቱ በኋላ ጀምሮ እስከ 1990። ጉበን የባርኔጣ ከተማ ስለነበረች ከዚያ የወጡት በብዛት ይገኛሉ።
5. ናይለን ወይም ፖሊስተር ገበርና የፋብሪካ የእንክብካቤ ምልክት፦ ከ1950ዎቹ ወዲህ።

ወደ ቀኝ የሚገቡት፦

1. የቦታ ስም፦ «ኖይቲትሻይን» የሚለው የጀርመንኛ ስም እስከ 1945 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ኖቪ ዪቺን በሚለው የቼክ ስሟ ትጠራለች። በ1799 የተመሠረተው የሁከል ፋብሪካ የነበረው እዚያ ሲሆን ከጦርነቱ በኋላ ተወርሶ ቶናክ ሆኗል።
2. የመንገድ ስም፦ በሂትለር ስም የተሰየመ አደባባይ ወይም መንገድ ጀርመን ውስጥ ከ1933፣ ኦስትሪያ ውስጥ ከ1938 እስከ 1945 ነው። የቪየናው ፍራንዘንስሪንግ በ1919 ስሙ ተቀይሯል።
3. ፍራክቱር ፊደል፦ በ1941 በመንግሥት ትእዛዝ ከሥራ ወጥቷል። ሆኖም የባቫሪያና የቲሮል የባህል ባርኔጣ ሠሪዎች ለጌጥ እስከ ዛሬ ስለሚጠቀሙበት ብቻውን አይበቃም።

የትም የማይገቡት ደግሞ ንስር፣ ዘውድና ሜዳሊያ ናቸው። «ካ. ኡንድ ካ.» እና «ሆፍሊፈራንት» የሚሉት የቤተ መንግሥት አቅራቢነት ማዕረጎች ሕጋዊ መሠረታቸው በ1918 ቢፈርስም ሱቆች ማተሙን አልተዉም። የኤግዚቢሽን ሜዳሊያም ከተሸለመበት ዓመት በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ይታተማል። ለምሳሌ ገበሩ ላይ ባለሁለት ራስ ንስርና ሜዳሊያዎች አሉ፣ ከሥር በደቃቁ «1010 ቪን» (ቪየና በጀርመንኛ) ተጽፏል እንበል። ያ አራት አሃዝ ባርኔጣውን ከ1966 ወዲህ ያደርገዋል፤ ንስሩ ምንም አያድነውም። ሻጮች ፎቶ ሲያነሱ ያቺ የታችኛዋ መስመር የምትቆረጠው ሁልጊዜ በድንገት አይደለም።

የክፈፍ ስፋትና የአናት ቁመት አጋዥ እንጂ ዳኛ አይደሉም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክፈፍ መጥበቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ ደንበኛ የወጣትነቱን ቅርጽ ያዝዝ ነበር።

ጥርጣሬ ካለዎት ጥቁር ብርሃን የሚባለውን የአልትራቫዮሌት ባትሪ በጨለማ ያብሩ። ነጭ ክር ወይም ወረቀት ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋው ማንጫ ኬሚካል አለበት። ጨርቅ ከሆነ ግን በዘመናዊ ሳሙና ታጥቦም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የሚያምኑት ከቆዳው ጀርባ ያለውን ክርና ወረቀት ነው።

ደረጃ 7፦ መዝገብ ውስጥ መፈለግ

አሁን አንድ ስምና አንድ አድራሻ አለዎት። የሚፈለገው ሱቁ በዚያ አድራሻ የታየበት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓመት ነው።

1. ለቪየና፦ ሌማን የሚባለው የአድራሻ መጽሐፍ ከ1859 እስከ 1942 ያለው በከተማው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ይነበባል። በስም፣ በሙያና በመንገድ የተከፋፈለ ነው። ከሙያው ክፍል፣ ከባርኔጣ ሠሪዎች ዝርዝር ይጀምሩ።
2. ለበርሊን፦ እስከ 1943 ያሉትን የከተማዋ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል አስቀምጧቸዋል።
3. በየአምስት ዓመቱ እየዘለሉ ይፈልጉ፤ ስሙ ብቅ ያለበትን ወይም የጠፋበትን ክፍተት ሲያገኙ ብቻ ዓመት በዓመት ይግቡ።
4. መጽሐፉ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው ካለፈው ዓመት ነው። የ1929 መጽሐፍ የ1928 መጨረሻን ያሳያል ብለው ያስቡ።
5. ቀጥሎ ወደ ጋዜጣ ማስታወቂያ ይሂዱ። የኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «አኖ» የሚባል ክምችት አለው፤ ለጀርመን የዶይቸ ዲጂታለ ቢብሊዮቴክ የጋዜጣ ክፍል አለ።

ስሙ በጋዜጣ ካልተገኘ ኮምፒውተሩ ፍራክቱሩን አሳስቶ አንብቦት ይሆናል። ኤሱን በኤፍ፣ ኬውን በቲ ተክተው እንደገና ይፈልጉ። ይህ ብልሃት ከሚታሰበው በላይ ይሠራል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በጀርመን ከ1933፣ በኦስትሪያ ከ1938 ወዲህ የአይሁዳውያን ሱቆችና ፋብሪካዎች በግዳጅ ተወስደዋል። በመጽሐፉ ላይ በ1938 አንድ ስም ወጥቶ በ1939 በዚያው አድራሻ ሌላ ስም ከገባ በካርድዎ ላይ «ባለቤት ተቀየረ» ብለው አይለፉት። የሁለቱንም ስም፣ ዓመቱንና ገጹን ይመዝግቡ፤ የቤተሰቡ ዘሮች አንድ ቀን የሚፈልጉት መረጃ ሊሆን ይችላል።

ፋብሪካዎቹን ለመለየት በሊንደንበርግ፣ በአልጎይ፣ በ2014 የተከፈተው የጀርመን ባርኔጣ ሙዚየም ጥሩ ቦታ ነው። ለሙዚየም ሲጽፉ ግልጽ ፎቶ፣ ልክና እስካሁን ያገኙትን ይላኩ፤ «ይህ ምንድን ነው፣ ስንት ያወጣል?» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም።

ደረጃ 8፦ ማጽዳት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና እዚህ የሚደርሱት ፎቶውና ካርዱ ካለቁ በኋላ ነው።

1. በደረቅ ብሩሽ ይጀምሩ። ከፊት ተነስተው በግራ በኩል ወደ ኋላ፣ ማለትም ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ረዥም እንቅስቃሴ ያድርጉ። ጸጉሩ በዚያ አቅጣጫ ተኝቶ የተጠናቀቀ ነው። በተቃራኒው ካሹት ይቆማል፣ ይደበዝዛል።
2. አቧራው ጥልቅ ከሆነ የቫኪዩም አፍ ላይ ስስ መረብ አስረው በዝቅተኛ ኃይል ከፌልቱ አንድ ሴንቲሜትር አርቀው ይሳቡ።
3. የቅባት እድፍ ካለ ነጭ የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱ፣ ሌሊቱን ይተዉትና ይቦርሹ። በቬሉር ላይ ግን አያድርጉት፤ ዱቄቱ ከረዥሙ ጸጉር ሥር ገብቶ አይወጣም።
4. ቤንዚን፣ አልኮልና ሳሙና አይነካውም። የጥቁርና የአረንጓዴ ፌልት ቀለም ይለቃል፣ የእድፉ ዳርም ክብ ሆኖ ይቀራል።
5. የላብ ቆዳውን በደረቅ ጥጥ ይጥረጉ። ለስላሳ ከሆነ ሩዝ የሚያክል የቆዳ ቅባት ለመላው ዙሪያ ይበቃል፤ ማህተሙን ይዝለሉት። ጥጡ ላይ ቀይ ቡናማ ዱቄት ከወጣ ቆዳው በስብሷልና ቅባት ያጠቁረዋል እንጂ አያድነውም።

በገበሩ ላይ ቢጫ ላስቲክ መሳይ መሸፈኛ ካለ አይንቀሉት፤ የመጀመሪያው ዕቃ ነው። የኮምጣጤ ሽታ ካመጣ ግን እየፈረሰ ስለሆነ ያንን ባርኔጣ ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ ቅርጽ መመለስ

ካስፈለገ ብቻ። በረንዳ ላይ ወይም በተከፈተ መስኮት ሥር ይሥሩ።

1. የላብ ቆዳውን በውስጥ በኩል በወፍራም ደረቅ ፎጣ ይሸፍኑ። አሮጌ ቆዳ በሙቀት ሲኮማተር አይመለስም።
2. ከማንቆርቆሪያው አፍ 20 ሴንቲሜትር ያህል አርቀው የተጎዳውን ቦታ ብቻ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ እንፋሎት ያሳዩት።
3. ከእንፋሎቱ አውጥተው በመዳፍ ያስተካክሉት። በጣት ጫፍ አይጫኑ፤ ጉድጓድ ይቀራል።
4. አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይድረቅ።

ክፈፉ ከተወላገደ ጠርዙ በጥብጣብ የታሰረ መሆኑን ያረጋግጡ። የታሰረ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተኮማተረው ጥብጣቡ ነው፤ ፌልቱን ቢተኩሱት መፍትሔ አይሆንም። ቬሉር በእንፋሎት ጸጉሩ ከተጣበቀ እስኪደርቅ ይጠብቁና በለስላሳ ብሩሽ ያንሱት፤ እርጥብ ሳለ ከቦረሹት ይነቀላል።

ብል የላዩን ጸጉር ብቻ ከበላው፣ በላብ ቆዳው ሥር ከተደበቀው ፌልት በምላጭ ጥቂት ብናኝ ፍቀው በስንዴ ስታርች ሙጫ ጠባሳው ላይ ማስተኛት ይቻላል። ሙጫው በውሃ የሚለቅ መሆን አለበት። ቀዳዳ ከሆነ ይተዉት፤ የተደፈነ ቀዳዳ ከቀዳዳው የባሰ ይታያል።

ደረጃ 10፦ ማስቀመጥ

ባርኔጣ በክፈፉ ላይ አይቀመጥም፤ ክፈፉ ይወላገዳል። በአናቱ ይገልብጡት ወይም ክፈፉ ነፃ እንዲሆን በወረቀት ቀለበት ላይ ያኑሩት። ሚስማር ላይ አይሰቀል። አናቱን በስስ ወረቀት ይሙሉ፣ በካርቶን ሳጥን ያስቀምጡ፤ ላስቲክ እርጥበት ያፍናል። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ፣ ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይስማማዋል። የመጀመሪያው ሳጥን አብሮ ከመጣ ይያዙት፤ ነገር ግን ሳጥንና ባርኔጣ በገበያ ላይ እንደሚዛመዱ አይመኑ፣ በሳጥኑ አድራሻ ባርኔጣውን አይመዝኑ።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው፦ የካርድ ቁጥር፣ የተገዛበት ቀንና ቦታ፣ የታተመው ልክና የተለካው ልክ፣ የፌልቱ ዓይነት፣ የሁሉም ጽሑፍ ቃል በቃል ቅጂ ከነመስመር አከፋፈሉ፣ የተቀየሩ ክፍሎች፣ የተደረገ ጥገና። ዘመኑን በአንድ ዓመት አይጻፉ፤ «ከ1928 እስከ 1938፤ ግራው በአድራሻ መጽሐፍ፣ ቀኙ በባለቤት ስም» ተብሎ ይጻፍ። ግምት ከሆነ አጠገቡ «ግምት» ይባል። ያልተነበበውን ፊደል በነጥብ ይተዉት እንጂ አይሙሉት፤ ዛሬ በመገመት የሞሉት ስም ነገ በሌላ ሰው ማስታወቂያ ላይ እንደ ማስረጃ ተጠቅሶ ያገኙታል።